ከእንግዲህ ላራ አልልሽም

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 2017

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ይህችን ሰላምታ አራት ዓመት ሙሉ ስልኬ ላይ ስጽፋትና ሳጠፋት ኖርኩ። በዓል ሲመጣ እጽፋታለሁ፣ በዓሉ ሳያልፍ አጠፋታለሁ። አንቺም አልደወልሽም። ለምን እንዳልደወልሽ ስለማውቅ አልጠየቅኩሽም። አሁን በወረቀት የምጽፍልሽ፣ ወረቀት ላይ ያለ ነገር በአንድ ጣት ስለማይጠፋ ነው። ደግሞም መብራት የለም። ሰባት ሰዓት ላይ ሄደ። ቬንትሌተሩ ቆሟል። እናቴ ሻሿን ውሃ ነክራ አንገቷ ላይ ጠምጥማ በረንዳው ላይ ተጋድማለች። ድሬ በነሐሴ ምን እንደምትመስል ረስተሽው ከሆነ ይኸው ነው።

ሳልረሳው፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ቦታ ላራ ብዬ አልጠራሽም። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

የወንድምሽ ላፕቶፕ እኔ ጋ እንደቀረ ታስታውሻለሽ? ያ አየር እንዲያገኝ ብለን ከስሩ አራት የለስላሳ ቆርኪ የምናስገባለት። ባትሪው ሞቷል፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም። ባለፈው ወር ቁም ሳጥን ሳጸዳ አገኘሁትና ሰካሁት። ተነሳ! ቱምብ ሬይደርም፣ ያ የላራ ክሮፍት ጨዋታ፣ እዚያው አለ፣ ያኔ ታይዋን ገበያ ሄደን ያስጫንነው። ያቆምንበት ቦታም እንዳለ ነው። እንዴት እንዳቆምን ትዝ ይልሻል? ተጣልተን ነው ያቆምነው። አሁን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ያንን ጠብ ልጨርስ ብዬ ነው። ምክንያቱም ብዙ ነገር ላይ ልክ ነበርሽ። ሁሉም ላይ ግን አይደለም፣ ቶሎ ደስ አይበልሽ።

ስሙ እንዴት እንደወጣልሽ ልጀምር። ከዚራ የነበረው ጌም ቤት። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ልጆቹ ከኳስ ሌላ አይጫወቱም። እኛ ስንገባ የመስጊድ ያህል ዝም ይሉ ነበር። አንድ ቀን ሦስቱን ደርድረሽ ስታሸንፊ አንዱ ተነስቶ «አቦ ይቺ ላራ ክሮፍት ናት!» አለ። ጨዋታውን አያውቀውም፣ ያየው የአንጀሊና ጆሊን ፊልም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ላራ አለሽ። እናትሽ ብቻ «ልጄን በፈረንጅ ውሻ ስም አትጥሩብኝ» ይሉ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁላችን ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው።

የድሮዋን ላራ ያሳየን ወንድምሽ ነው። የ1996ቷን፣ በፈረንጆቹ። ደርቢ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ ኮር ዲዛይን በሚባል ድርጅት፣ ቶቢ ጋርድ የሚባል ወጣት የቀረጻት። መጀመሪያ ስሟ ላውራ ክሩዝ ነበር፣ በኋላ ነው የእንግሊዝ ስም የሰጧት። ፊቷ በመቀስ የተቆረጠ ካርቶን ይመስላል። ግን አቤት አካሄዷ! ፔሩ ገብታ ዳይኖሰር ትገድላለች፣ ግሪክ ትሄዳለች፣ ግብፅ ትሄዳለች፣ ማንንም አታስፈቅድም። ከገደል ስትወድቅ አጥንቷ ሲሰበር ይሰማል። መልሰሽ ስትጀምሪ ቆማ ትጠብቅሻለች፣ ምንም እንዳልሆነ። አንቺ ያቺን ወደድሽ። «የማታስረዳ ሴት» ነበር የምትያት። ለምን መጣሽ፣ ምን ጎድሎሽ ነው፣ አባትሽ ምን አድርጎሽ ነው የሚላት የለም። ደስ ስላላት ነው የመጣችው፣ በቃ።

ከዚያ የ2013ቱ መጣ፣ እሱም በፈረንጆቹ። ክሪስታል ዳይናሚክስ የሠራው። ላራ 21 ዓመቷ ነው። ኢንዱራንስ የምትባለው መርከብ ያማታይ የሚባል ደሴት ላይ ትሰበራለች። ላራ ዋሻ ውስጥ ተዘቅዝቃ ተንጠልጥላ ትነቃለች። የታሰረችበትን አቃጥላ ስትወድቅ ሹል ነገር ጎኗ ውስጥ ይገባል። መንቀል አለባት። የምትጫወቺው አንቺ ነበርሽ። እሷ ስትጮኽ እናቴ ከቀን እንቅልፏ ብድግ ብላ «ማነው የሞተው?» ብላ ወጣች። እኛ በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ግን አንቺ መሳቁን ተውሽ።

«አስለቀሷት» አልሽ። እኔ ደግሞ «ሰው አደረጓት» አልኩሽ። ጠቡ ይኸው ነበር፣ ሌላው ሁሉ የዚህ ቅርንጫፍ ነው።

የኔ ክርክር ቀላል ነበር። ወድቆ የማያመው ሰው ጀግና አይባልም፣ አሻንጉሊት ነው። የድሮዋ ላራ አትፈራም፣ ስለዚህ ደፋር አይደለችም። አዲሷ እየተንቀጠቀጠች ገመድ ትይዛለች። ቁስሏን ቀስት አግላ ስትተኩሰው እኔ ሆዴን ያዝኩ። ታሪኩን የጻፈችው ሪያና ፕራችት ሴት ናት፣ ሴት ጽፋው እንዴት ሴትን ያዋርዳል አልኩሽ። ይሄኛው ክርክሬ ደካማ እንደነበር ያኔም ይታወቀኝ ነበር።

አንቺ ያልሽውን ደግሞ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ወንዶቹ ጠንካራ ሆነው ነው የሚጀምሩት። እሷ ጠንካራ እንድትሆን ለምን መጀመሪያ መሰቃየት አለባት?» አልሽኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ጮኽኩ፣ እንደ ልማዴ።

ያንን ጥያቄ እኛ ብቻ አልነበርንም ያነሳነው። ጨዋታው ሳይወጣ፣ በ2012፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ተጫዋቾች ላራን ሲያዩ ሊጠብቋት ይፈልጋሉ የሚል ነገር ተናግሮ ትልቅ ንትርክ ተነስቶ ነበር። የምትጫወቺው ሰው ሆነሽ ሳለ እንዴት ከውጭ ቆመሽ ትጠብቂያታለሽ? ኔታን ድሬክን አስቢው፣ ያንን የአንቻርትድ ሰውዬ። ሁለተኛው ጨዋታ ሲጀምር ሆዱን በጥይት ተመትቶ ከገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ባቡር ውስጥ ነው የሚነቃው። ደሙ ይፈሳል። ጌም ቤት ያሉት ልጆች «አይዞህ ልጠብቅህ» ሲሉት ሰምተሻል? «ቶሎ ውጣ፣ ተራዬ ደርሷል» ነው ያሉት።

እና ያኔ ጠረጴዛ መትተሽ ሄድሽ። ላፕቶፑም እኔ ጋ ቀረ።

ባለፈው ወር ግን ከዚያው ቦታ ቀጠልኩ። ማታ ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ። ያኔ ያላየሁትን አየሁ። ያኔ ሁለታችንም ማልቀሷ ላይ ነበር ዓይናችን። አሁን ግን ቶሎ መተዋ ነው የገረመኝ።

አስታውሺ። መጀመሪያ አጋዘን ትገድላለች፣ ርቧት። ይቅርታ ትጠይቀዋለች። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ሰው ትገድላለች። ሰውየው ይይዛታል፣ ይታገላሉ፣ ሽጉጡን ትነጥቀዋለች። ከዚያ ተንበርክካ ስትንሰቀሰቅ ታያለሽ። እውነት ነው ያ ትዕይንት። እኔ አሁንም ቆሜ እከራከርለታለሁ። ግን ሰዓት ያዝኩ፣ በጣም ብዙ አልቆየም፣ እንደ በቆሎ እያጨደቻቸው ነበር። እኔ ነኝ ያጨድኩት፣ በእጄ። ጭንቅላት ስመታ ደግሞ ጨዋታው ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠኛል። ለመጀመሪያው አለቀሰች፣ ለአርባኛው ነጥብ ተቀበለች። ለሁለተኛው ምን እንደተሰማት የሚነግረኝ አጣሁ።

እሳቱ ደግሞ አለልሽ። በየመንገዱ ዳር እሳት አንድዳ የምትቀመጥበት። እዚያ ስትቀመጥ አንዳንዴ ለራሷ ታወራለች፣ ድምፅዋ ድክም ያለ ነው። ከጨዋታው ሁሉ እወደዋለሁ ያንን ቦታ። ግን እኔ እሳቱ ዳር ምን ሳደርግ ነበር? ቀስቷን ሳሻሽል፣ ጠመንጃዋ ላይ ብረት ሳስገጥም። ቁስሏን ትቼ መሣሪያዋን ሳክም። እሷ እያወራች እኔ ዝርዝሩ ውስጥ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ የቱ ይሻላል እያልኩ።

ስትሞትስ? ወንዙ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተሳሳትሽ ብረቱ አንገቷ ላይ ይሰካና ካሜራው አይሸሽም። ቁጭ ብሎ ያያል። አንቺ ያኔ ፊትሽን አዙረሽ ነበር። እኔ «አትፍሪ» አልኩሽ። ፈርተሽ አልነበረም ለካ፣ አፍረሽ ነው። እሷን በዚያ ሁኔታ ማየቱ አሳፍሮሽ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2014፣ የሚቀጥለውን ጨዋታ ሲያስተዋውቁ ላራ ሐኪም ፊት ተቀምጣ አሳዩ። ኮፍያዋን ደፍታለች፣ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል፣ የወንበሩን እጀታ ቧጭራ ይዛለች። ደስ አለኝ፣ ጠበቅኩ። ጨዋታው መጥቶ ሳይቤሪያ በረዶ ውስጥ ስንሮጥ ያንን ወንበር በታሪኩ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ለማስታወቂያ ብቻ ነበር የተቀመጠችበት።

እዚህ ላይ እጄን ያዘኝ። መብራት ስላልመጣ ሻማ ለኮስኩ። አሁን የምጽፈው ያንን የስልክ ጥሪ ነው።

2013 ላይ፣ በኛው አቆጣጠር፣ ደወልሽልኝ። ሰባተኛ ወርሽ ነበር። ሆስፒታል ሆነሽ ነው። ድምፅሽ እንደ ማንኛውም ቀን ነበር፣ ያ ነው ያታለለኝ። «ልጁ አልቆየም» አልሽኝ። ለእንዲህ ያለ ሐዘን ድንኳን አይጣልም፣ ዕድር አይመጣም፣ ንፍሮ አይቀቀልም። ሰው ሁሉ «ይተካልሽ» ብሎ ይሄዳል፣ የተሰበረ ብርጭቆ ይመስል። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ምን አልኩሽ? «አንቺ እኮ ላራ ነሽ። ይሄ አንቺን አይሰብርሽም» አልኩሽ።

«እሺ» አልሽ። ዘጋሽው።

ያ «እሺ» አራት ዓመት ጆሮዬ ውስጥ አለ። መጽናኛ የሰጠሁሽ መስሎኝ ነበር። ወላሂ፣ ቆንጆ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ስልኩን ዘግቼ ቡና አፈላሁ። አሁን ነው ያየሁት፣ ወደ እሳቱ መጥተሽ ስትቀመጪ እኔ የቀስትሽን ዋጋ እየቆጠርኩ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ቀጥሎ የምጽፈውን ይቅርታዬን ለማሳመር ብዬ እንዳይመስልሽ፣ ይቅርታዬ እዚህ ላይ አልቋል።

ሳንቡሳ የሚጠብሱት እማማን ታስታውሻለሽ? መንገዳችን ጫፍ ላይ ያሉት። ድሮ ቤታቸው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ውሃው ሲመጣ እኛ ልጆች ነበርን። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው በላዩ ይሻገራል፣ ይነግድበታል። ያን ሌሊት ዝናቡ የዘነበው ላይ ደጋው ላይ ነው። ውሃው የወረደው እኛ ተኝተን ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከእነሱ አንዱ የእማማ ትንሹ ልጅ ነው። ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ «እሳቸው ብረት ናቸው» ይላል። በአርባው ዘይት ጥደው ሳንቡሳ ሸጡ ይባላል። ለልጆች ይነገራል ይሄ፣ እንደ ተረት።

አምና ነሐሴ አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሻማ ልለምን በራቸውን አንኳኳሁ። አምስት ሰዓት አልፏል። በደንገጎ በኩል ሰማዩ ያጉረመርማል፣ እኛ ጋ ጠብ ያለ ነገር የለም። ከፈቱልኝ። አልጋው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ጫማ አድርገው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው። መታወቂያቸውና የቤት ካርታው በፌስታል ተጠቅልሎ ጉያቸው ውስጥ ነው። ምጣዱና ብረት ድስቱ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወጥቷል። ሊሄዱ ነው ብዬ «የት ነው?» አልኳቸው። «የትም» አሉኝ። «ሰማዩ ሲያወራ እንዲህ ነው የማድረው።» ከዚያ ሻማውን ሰጡኝና «ለሰው እንዳትነግሪ፣ ያሾፉብኛል» አሉ።

ይኸው ላንቺ ነገርኩ። አንቺ ሰው አይደለሽም፣ አንቺ ነሽ።

19 ዓመት! ጠዋት ስሄድ ሳንቡሳቸውን እየጠበሱ ከባጃጅ ሾፌሮቹ ጋር ይሳሳቃሉ። ሁለቱም እሳቸው ናቸው። ሳቁም የውሸት አይደለም፣ ጫማውም የውሸት አይደለም። እና እኔ ለብዙ ዓመት ጠንካራዋ እማማ የቀኗ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። አሁን እጠራጠራለሁ። ሌሊቱን በጫማ ቁጭ ብሎ ማደር ራሱ ስንት ጉልበት ይጠይቃል!

ከዚህ በኋላ ነው ሌላኛዋን ሴት ያገኘኋት። ሴኑዋ ትባላለች። ጨዋታው ሄልብሌድ ነው፣ በፈረንጆቹ 2017 የወጣ። ለሥራ በገዛሁት ላፕቶፕ ላይ እንደምንም ይሠራል፣ እያቃሰተ። ካምብሪጅ ያሉት ኒንጃ ቲዮሪዎች ሃያ ገደማ ሆነው ነው የሠሩት። ሴኑዋ የጥንት ተዋጊ ናት፣ ከስኮትላንድ በኩል፣ ፒክት ከሚባሉት ሕዝቦች። የተገደለባትን ሰው ጭንቅላት ወገቧ ላይ አንጠልጥላ፣ ነፍሱን ላስመልስ ብላ ወደ ሙታን አገር ትሄዳለች። ጆሮዋ ውስጥ ሰዎች ያወራሉ። አንዷ ትሰድባታለች፣ አንዷ ታባብላታለች፣ አንዷ ትስቃለች። ይህንን ዝም ብለው አልፈጠሩትም። ፖል ፍሌቸር የሚባል የካምብሪጅ ፕሮፌሰር ጠይቀዋል፣ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎችንም አማክረዋል። ድምፁ የተቀዳው ሁለት ጆሮ ባለው ማይክራፎን ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሚው ሹክሹክታው ከማጅራትሽ ይመጣል። መጀመሪያ ቀን ዞር ብዬ አየሁ፣ እናቴን መስላኝ።

የምትተውናት ሜሊና ዩርገንስ ደግሞ ተዋናይ አልነበረችም። የድርጅቱ ቪዲዮ ኤዲተር ነበረች። ለሙከራ ቁሚልን አሏት፣ ቆመች፣ ቀረች። በፈረንጆቹ 2018 ባፍታ የሚባለው የእንግሊዝ ሸላሚ ድርጅት ሸለማት። ፊቷን ስታዪ ለምን እንደሆነ ይገባሻል።

አንቺን የሚገርምሽ ግን ይሄ ነው። ሴኑዋ ስትጀምር ተዋጊ ናት። ሥቃዩ ሰይፍ አላስተማራትም። «እንድትጠነክር መጀመሪያ ተሰቃየች» የሚለው ክስሽ እዚህ አይሠራም። ተጎድታለችም፣ ትዋጋለችም፣ ጎን ለጎን። ያ የሚያሰቃያት ድምፅ ደግሞ በውጊያ መሀል «ከኋላሽ!» ይላታል። ያድናታል። ገድላ ነጥብ አታገኝም፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር የሚባል የለም። አባቷ እርግማን ነው ብሎ ዘግቶባት ኖሯል። ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም፣ በር የተዘጋበት ሰው ያለበት ግቢ ሁለታችንም እናውቃለን።

እንከን የለውም አላልኩም። ውጊያው ይደጋገማል፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ሰለቸኝ። እንቆቅልሾቹም ያንኑ ምልክት ፈልጊ ናቸው። አንድ ውሸት ደግሞ አለው። ስትሞቺ ክንዷ ላይ ጥቁር ብስባሽ ይወጣል፣ ጭንቅላቷ ከደረሰ የሠራሽው ሁሉ ይጠፋል ይልሻል። አይጠፋም። ማስፈራሪያ ነው። ስትጫወቺ ግን ይህንን እንዳልሰማሽ ሁኚ። እኔ አምኜው እጄ እያላበው ነው የተጫወትኩት። እማማን አስቤ ነበር፣ ያ ውሃ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፣ ጫማው ግን ይደረጋል።

አሁንም በአንድ ነገር አልስማማሽም። ላራ ማልቀሷ አላሳነሳትም። ያንን ጩኸት ሰምቼ ሆዴን ስይዝ ያታለለኝ የለም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። መጥተሽ ተከራከሪኝ።

መምጣቱን በእውነት ነው የምልሽ። ባቡር አለ፣ ከፉሪ ለቡ ጠዋት ትነሻለሽ። እዚህ ጣቢያው ከከተማ ውጪ ነው፣ ያ የልጅነታችን ከዚራ መሀል ያለው ለገሃር አይምሰልሽ። ባጃጅ ይዤ መጥቼ እቀበልሻለሁ። እናቴ «እሷ ልጅ ፈጢራ እንጂ እንጀራ አትወድም» እያለች ከአሁኑ ታስባለች። የወንድምሽንም ላፕቶፕ ትወስጂለታለሽ፣ ቆርኪዎቹን ጨምሬ።

ማታ ሴኑዋን እንከፍታለን። ጆሮ ማዳመጫዬ አንድ ነው። እንደ ድሮው ዘፈን አንድ አንድ ጆሮ እንዳንካፈለው ይሄ አይሆንም፣ ግማሹን ብቻ ከሰማሽ ድምፆቹ ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም። ስለዚህ አንቺ ሁለቱንም አድርጊ። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፣ ምንም አልልም።

መብራቱ መጣ። እናቴ እልል አለች።

ያንቺው፣
ከድሬ